ሦስት ልጆች ያልኩ ዕለት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የእድሩን ድንኳን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ዋልኩ። ጋሽ ጉዲሳ ሲያልፉ ቆም አሉ። «አንተ ሀብቴ፣ ይሄን ቀዳዳ አሁንም አልሰፋኸውም? እኔ ስሞት ሰዉን በዝናብ ልታስደበድብ ነው?»
«እርስዎ ደግሞ ምን ሆነው ይሞታሉ!» አልኳቸው። ሳቁ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሲራመዱ ግን እኔን ይቀድሙኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ጋሽ ጉዲሳ ሞቱ። ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ... በቃ። እንዴት ብዬ ልመን?
ቀብሩ ነገ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን እንደተለመደው የምጽፈው እኔ ነኝ። የእድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ ሃያ አራት ዓመት... የስንቱን አነበብኩ። የእሳቸውን ከምን ልጀምር? ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካ ሰርቪስ ነዱ። አቃቂ ውስጥ በእሳቸው መኪና ያልተመላለሰ ቤተሰብ የለም። ያረፈደ ሠራተኛ ጥለው አይሄዱም፤ ደጁ ድረስ ሄደው ክላክስ ያደርጉለታል። አለቃ ሲቆጣቸው «የጫንኩት ሰው ነው፣ ጥጥ አይደለም» ይሉ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ምን አደረግሁ?
ጠዋት ትልቁ ልጃቸው ያደታ ወረቀቱን ተቀብሎኝ አነበበ። «የአራት ልጆች አባት» ብዬ ነበር።
«ሦስት ነን» አለኝ።
«እኅታችሁ እምነትስ?» አልኩ... ለራሴ የማወራ ያህል።
«እሷ ያሳደጋት ናት። የወለደውን ጻፍ። በዚህ ቀን አታከራክረኝ ሀብቴ።»
ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ሐዘንተኛን እንዴት ይከራከሩታል? ይሉኝታ ያዘኝ። ሰረዝኩት።
ከዚያ በማይክ አነበብኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። «የሦስት ልጆች አባት ነበሩ፤ ያደታ፣ አለሚቱ፣ ጋዲሴ።» እምነት ሳጥኑ አጠገብ ፎቶግራፋቸውን ታቅፋ ቆማ ነበር። ለቅሶዋን ቀጥ አደረገችው። ፎቶውን ለአለሚቱ ሰጠችና ሄዳ ከጎረቤት ሴቶች ኋላ ቆመች። ደግነቱ ባለቤታቸው እትዬ ያለምወርቅ አቅም አጥተው ቤት ቀርተዋል።
ሰው «ጥሩ አድርገህ አነበብክ» አለኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
የእድሩን መዝገብ አወጣሁ። አራተኛ ልጅ፦ እምነት ጉዲሳ። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። እናቷ ዙፋን የፋብሪካው ፈታይ ነበረች፣ በእሳቸው ሰርቪስ የምትመላለስ። ስትሞት ዘመድ ጠፋ። ጋሽ ጉዲሳ የስድስት ዓመቷን ልጅ ጋቢና አስቀምጠው ቤታቸው ይዘዋት ገቡ። ሊያስመዘግቧት ሲመጡ «የማደጎ ልጅ ልበል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።
«ልጅ በል። ቀለም አታባክን።»
ረሳሁ እንዳልል አልረሳሁም። ፈራሁ። ፈሪ!

እሁድ፣ ጥቅምት 9
ለቅሶ ቤት አልሄድኩም። ሚስቴን «አሞታል በያቸው» አልኳት። ውሸት ጨመርኩበት።

እሁድ፣ ጥቅምት 23
እምነት ከቀብሩ ወዲህ ለቅሶ ቤት ዝር አላለችም አሉ። ቤቷ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። አምስተኛ ፎቅ። ቂሊንጦ ፋብሪካ አዳሪ ፈረቃ ሠርታ ገና መግባቷ ነው። ወንበር ሰጠችኝ። ባታስገባኝ ይሻለኝ ነበር።
«ይቅር በይኝ» አልኳት። ያደታ እንዲህ ብሎኝ፣ እንዲህ ሆኖ... ዘበዘብኩ።
«ያደታን ይተውት፣ እሱ ከድሮም ነው። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር ጋሽ ሀብቴ።»
ልሄድ ተነሳሁ።
«ይቅር ብያለሁ» አለች። «ግን ያዋረዱኝ ሕዝብ ፊት ነው። ይቅርታውን ይዘው የመጡት ጓዳዬ ነው።»
ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

እሁድ፣ ኅዳር 14
ነገ ጾም ስለሚገባ ተዝካሩ ዛሬ ተደረገ። እምነት የለችም። ሰው ሲበላ ተነሳሁ። «ቀብር ላይ ጋሽ ጉዲሳ የሦስት ልጆች አባት ናቸው ብዬ ነበር። አራት ናቸው። አራተኛዋ እምነት ናት። ተሳስቼ አይደለም፣ እያወቅኩ ነው የተውኳት» አልኩ።
ያደታ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። የእድሩ ሊቀመንበር ክንዴን ያዘኝ። «የሰው ድግስ ታበላሻለህ? ሁለተኛ አታነብም!» እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?
እትዬ ያለምወርቅ ግን ከተቀመጡበት ተነሱ። የቀሩትን ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። «ይሄን ሁሉ ቀን 'ልጄ ምን አስቀይሜያት ቀረችብኝ' እያልኩ ሳለቅስ አንዳችሁም አልነገራችሁኝም?» አለሚቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔም አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውን ለካ አስቤያቸው አላውቅም...
«ቤቷን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።
«አውቀዋለሁ።»
«ውሰደኝ።»
ራይድ ጠራሁ። ፎቁ ሥር ስንደርስ ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ።
«አይ፣ አንተ እዚሁ ቆይ» አሉኝ።
የደረጃውን ብረት ይዘው፣ እያረፉ፣ ብቻቸውን ወጡ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ «እማዬ!» የሚል ጩኸት።
እኔ እታች ቆየሁ።