በፕራስሊንና በላ ዲግ መካከል ስለሌለው ድልድይ

ለተከበሩ አቶ ገናናው
የ«ሰፊ አድማስ» የጉዞ ቢሮ መሥራች፣ ባለቤትና ብቸኛ አማካሪ
ቦከንሃይም፣ ፍራንክፈርት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም ጤናችሁ የተሟላ፣ የቢሮ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የሞቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ በደኅንነቴ ቢሮዎ ድርሻ ስላልነበረው ምስጋናውን ለሁለት መክፈል አላስፈለገኝም።

ደብዳቤውን በግልጽ የምጽፈው በማኅበራችን ውስጥ ለዕረፍት ወደ እርስዎ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ዕውቀትዎ በእኔ ብቻ ተቀብሮ እንዳይቀር ብዬ ነው። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር ነው። ታናሽ እህቴ የወርቅውሃ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ዓይን ለዓይን ከተያየን ሠላሳ ዓመት አልፎናል፤ የእሷ ስልክ ድምፅ እንጂ መልክ አያሳይም። እኔ አገር ቤት የማልገባበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ እሷ ደግሞ ለጀርመን ቪዛ ጠይቃ ተከልክላለች። በመጨረሻ ሁለታችንንም ያለ ቪዛ የሚያስገባ አገር ፈልገን ሲሼልስን አገኘንና፣ «የሐሩር ደሴቶች ዐዋቂ» የሚል ማስታወቂያዎን አምኜ ደጅዎን አንኳኳሁ። ቅሬታዬ እነሆ።

አንደኛ፣ ድልድዩን በተመለከተ። በአንድ ሆቴል ቦታ ስለጠፋ እኔን ፕራስሊን፣ እህቴን ላ ዲግ የሚባል ደሴት ላይ አስያዙን። ለምን እንደተለያየን ስጠይቅዎ፣ «እትዬ ሸዋገነት፣ አይጨነቁ፤ ደሴቶቹ ጎረቤታሞች ናቸው። ልክ እንደ ፍራንክፈርቱ ማይን ወንዝ ድልድይ አላቸው፤ ቁርስዎን በልተው በእግርዎ ይሻገራሉ» ብለው አረጋጉኝ። በትንሽ አውሮፕላን ፕራስሊን ከደረስኩ በኋላ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደቡ ድረስ ሄጄ፣ ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት ድልድዩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኩ። ጨዋ ሰው ስለሆነች አልሳቀችም፤ እጇን ዘርግታ ባሕሩን አሳየችኝ። የሚሻገረው በጀልባ ብቻ ነው፤ የዕለቱ የመጨረሻ ጀልባ ደግሞ ሄዷል። ማዶ ላ ዲግ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። እህቴ በስልክ፣ «እኔም ያለሽበት ተራራ ይታየኛል፤ ታዲያ ምን ያስቆምሻል?» ትለኛለች። እዚያው ቆሜ ለእርስዎ ስደውል «አሁን ቴርሚን፣ ቀጠሮ ላይ ነኝ፤ ሰኞ ይደውሉ» ብለው ስልኩን ስለዘጉ፣ በሥራዎ ላይ ያለዎትን ትጋት ለመመስከር በቅቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ባሕሩን በተመለከተ። በሐምሌ ባሕሩ በሳህን እንደተቀመጠ ውሃ የረጋ ነው ብለውን ነበር። ሐምሌ ግን በዚያ አገር የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ የሚበረታበት ወር ነው። ከእኔ አንድ ቀን ቀድማ የደረሰችው የወርቅውሃ ከኩሬ የሚበልጥ ውሃ አይታ ሳታውቅ በዚያ ማዕበል ተሻግራ፣ እስክትወርድ ድረስ ሲያስመልሳት ነበር፤ እንዳልፈራ ብላ ግን እስከዚያች ሰዓት አልነገረችኝም። «እቴቴ፣ ሁለተኛ እዚያ ነገር ላይ አልወጣም» አለችኝ፤ «ወይ አንቺ ነይ፣ ወይ እዚሁ ቅበሩኝ።» እኔ ደግሞ ዋና አልችልም፤ ውሃ እንደምፈራ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። በማግስቱ ጠዋት ጀልባው ሲናጥ እያየሁ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በሦስተኛው፣ ይህን ያህል ዘመን ጠብቄ በዚህች ጠባብ ውሃ ምክንያት ልመለስ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩና ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁ። እውነቱን አስቀድመው ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ከቤቴም አልወጣም ነበር፤ ስለዚህ አለማወቅዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ቋንቋውን በተመለከተ። የአገሬው ቋንቋ ስዋሂሊ ነው ብለው ስለነገሩን እህቴ በዚያ ዕድሜዋ ስዋሂሊ ስታጠና ከረመች። ሰዎቹ የሚናገሩት ግን ክሪኦል፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነው። ላ ዲግ ስወርድ፣ አንዲት ፀጉሯ የነጣ ቀጭን ሴት ወደቡ ላይ ቆማ ከጀልባው ለሚወርደው ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለች በዚያው ባጠናችው ስዋሂሊ «ካሪቡ፣ ካሪቡ»፣ እንኳን ደኅና መጡ ትላለች። ፊት ለፊቷ ስደርስ ዓይኔን እያየች «ካሪቡ፣ ማማ» ብላ መንገድ ለቀቀችልኝና ከኋላዬ የሚመጣውን ሰው መፈለግ ጀመረች። ድምፅዋን ባልሰማ እኔም አላውቃትም ነበር።

«የወርቄ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ዞር ብላ ብዙ አየችኝ። «አረጀሽ እኮ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቢሮዎ ማብራራት አያስፈልገኝም።

አራተኛ፣ ታክሲ በየደጁ ይቆማል ስላሉት። በላ ዲግ ሰው የሚሄደው በአብዛኛው በብስክሌት ነው። ሻንጣዬን ግራና ቀኝ ይዘን፣ እየተሳሳቅንም እያለቀስንም በእግራችን ሄድን። ይህንን እንደ ቅሬታ እንዳይቆጥሩብኝ።

ፕራስሊን ያስያዙልኝ አልጋ ሰው ሳይተኛበት ቀረ፤ ቀሪውን ጊዜ በእህቴ ክፍል አብረን አሳለፍን። በመመለሻችንም ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ እርስዎን በስምዎ እየጠራች ተሻገረች። የጠራችበትን አኳኋን ለክብርዎ ስል አልጽፈውም። በሚቀጥለው ዓመት ደግመን ለመሄድ ተስማምተናል፤ ትኬቱን ራሴ እቆርጣለሁ።

እንግዲህ ወደፊት በሚሄዱበት ሁሉ መንገዱ እንዲቀናዎ፣ በተለይም መንገዱን የሚነግርዎ ሌላ ሰው እንዲሆን አጥብቄ በመጸለይ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሸዋገነት፣ ከኡንተርሊደርባህ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ትናንት በቢሮዎ ደጅ ሳልፍ መስኮቱ ላይ «ውብ የሲሼልስ ደሴቶች» ተብሎ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ ቆሜ አየሁት። በእርግጥም ውብ ነው። ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰውዬ ግን ጋቢ ለብሷል።