ጠረጴዛ ላይ ስለቀረው የለጢፋ ማመልከቻ

ለክቡር አቶ ሀብተማርያም ቸኮል
የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መረዳጃ ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊ
ዛማሌክ፣ ካይሮ

ጥር 16 ቀን 1954 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ መጻፍ የማይታክተውን የጽሕፈት መኪናዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ አይን ሻምስ ያለነው፣ ከቤታችን አንድ ሰው ከመጉደሉ በቀር፣ ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ የአገራችን ሰዎች በሚሰበሰቡበት ክበብ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት የግል ደብዳቤዎቼ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ከግድግዳ ላይ ማንበብ ይቀልልዎ እንደሆነ ብዬ ነው። በአማርኛ መጻፌንም ይቅር ይበሉኝ። ጽሕፈት ቤትዎ የአማርኛ መኪና ስለሌለው ለአገሩ ልጆች በእንግሊዝኛ እንደሚጽፍ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ያለኝ ብዕር ብቻ ነው፣ ብዕር ደግሞ የያዘው ሰው የሚያውቀውን ቋንቋ ይጽፋል።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ኡስማን እንድሪስ እባላለሁ፤ የወሎ ሰው ነኝ። ሰባት ዓመት አዝሃር ተምሬ አሁን ለሰፈር ልጆች ዐረብኛ አስተምራለሁ። ታናሽ እኅቴ ለጢፋ ደሴ በአንድ ክሊኒክ ሁለት ዓመት ቁስል የምታሽግ ድሬሰር ሆና ሠርታ፣ ነርስ ለመሆን ወደ እኔ መጣች። እዚህ ያለ የነርሶች ትምህርት ቤት ፈትኖ ተቀበላት። የጎደላት የጽሕፈት ቤትዎ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እሱም እስከ መስከረም 20 መቅረብ ነበረበት። ማመልከቻዋን ሐምሌ 3 ቀን በእጄ አስረከብሁ። አቤቱታዬን እንደ ወጉ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ «ፕሬዘንትሊ» እንደሚታይ የሚገልጽ ደብዳቤ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። አዝበኪያ አጥር ሥር ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የወደቀ መዝገበ ቃላቴ የዚህን ቃል ፍቺ «ወዲያውኑ» ይለዋል። ለለጢፋ እንዲሁ አነበብሁላት። በማግስቱ ጎረቤታችንን ኡስታዝ ፋህሚን ጠየቅኋቸው፤ በእንግሊዞች ዘመን የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ቃሉ በጥንት ጊዜ በእርግጥ «አሁኑኑ» ማለት እንደነበረ ነገሩኝ። ነገር ግን ሰዎች አሁኑኑ እያሉ ሲያዘገዩ፣ ሲያዘገዩ፣ ቃሉም አብሯቸው ዘግይቶ «ትንሽ ቆይቶ» ሆነ አሉ። ይህን የቆየ ልማድ በካይሮ ሳይቋረጥ ስላቆዩልን ከልብ እናመሰግናለን። ስለ አባትዎ ስም ትርጉም ግን በአክብሮት ዝም እላለሁ።

ሁለተኛ፤ ነሐሴ 20 ቀን የመጣው ደብዳቤ የለጢፋ ማመልከቻ «ቴብልድ» መሆኑን አበሠረን። «ቴብል» ጠረጴዛ ማለት መሆኑን ማንም ያውቃል። ኡስታዝ ፋህሚ መነጽራቸውን አውጥተው አንብበው «መብሩክ»፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አሉን። በእንግሊዝ ምክር ቤት አንድ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ ማለት ለውይይት ቀረበ ማለት ነው፤ ያዕኒ ተራው ደረሰ አሉ። ለጢፋ በዚያው ቀን ነጭ ጨርቅ ገዝታ በባለቤታቸው የስፌት መኪና የደንብ ልብሷን መስፋት ጀመረች። እየሰፋች ሳለች ግን አንድ ነገር አለችኝ፤ «ለትምህርት ቤቷ አለቃ ራሴ ሄጄ ላስረዳ፤ ቀን እንዲጨምሩልኝ ልለምን» አለች። እኔ ነኝ የከለከልኋት። ጉዳይሽ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ተረጋጊ፣ ትላልቅ ሰዎችን ማጣደፍ ነውር ነው አልኋት። ይህ የእኔ ጥፋት እንጂ የእርስዎ አይደለምና ከቁጥሩ ውስጥ አላስገባውም።

መስከረም ሲገባ ልቤ አላስችል ብሎኝ ዛማሌክ ድረስ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ደግ ሰው የሆኑት ጸሐፊዎ ወይዘሪት ጸሐይ ወንበር ሰጡኝ። ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠልን ምስጋና ላቀርብ መምጣቴን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አቶ ኡስማን፣ አለቃችን የተማሩት አሜሪካ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ ከተባለ፣ ለጊዜው ይተው ማለት ነው።»

«እስከ መቼ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ማሌሽ» አሉ፣ እንደ አገሩ ሰው ምን ይደረግ ለማለት፤ ማኅደሩን ግን ራሳቸው ፈልገው እንደሚያቀርቡልኝ ቃል ገቡልኝ። አንድ ባሕር ተሻግሮ ትርጉሙ የሚገለበጥ ቃል መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። በየትኛው ባሕር ማዶ እንግሊዝኛ እንደሚጽፉ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ቢያመለክቱ ኖሮ እኛም እንጠነቀቅ ነበር።

ሦስተኛ፤ መስከረም 15 ቀን፣ በጽሕፈት ቤቱ «ኦቨርሳይት» ምክንያት ማኅደሩ ሌላ ክፍል ውስጥ መቆየቱን ጻፉልን። መዝገበ ቃላቴ «ቁጥጥር፣ ከላይ ሆኖ መጠበቅ» ይላል። ወይዘሪት ጸሐይ ቃላቸውን ጠበቁ፣ ማኅደሩም በታላላቆች ጥበቃ ሥር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስለ ጥብቅ ቁጥጥርዎ የጻፍሁት የምስጋና ደብዳቤ ደርሶዎት ይሆናል። ያው ቃል ከላይ ሆኖ ሲያዩ አጠገብ ያለውን ሳያዩ መቅረትንም እንደሚያመለክት፣ ማኅደሩም ጠፍቶ እንደነበረ የተረዳሁት ከረፈደ በኋላ ነው።

መስከረም 20 ቀን ለጢፋ እኔን ሳትጠይቅ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አለቃይቱ የምስክር ወረቀቷን አይተው አዘኑላት፣ ወንበርም ሰጧት፣ ከዚያም መዝገቡን ዘጉ። «ኸላስ፣ ልጄ» አሏት። ለጢፋ ቤት ገብታ ይህንኑ ስትነግረኝ፣ በሦስት ወር ውስጥ ትርጉሙን ማንንም ሳልጠይቅ የተረዳሁት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ አሁን ግን ለማን እንደምቆጥር አላውቅም። ለጢፋ ሁለት ወር ቤት ተቀመጠች። የሰፋችውን ልብስ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። አባታችን ትምህርት ከሌለ ትመለስ ብሎ ስለጻፈ፣ በታኅሣሥ ስዊዝ ድረስ ሸኝቼ አሰብ በሚሄድ መርከብ አሳፈርኋት። ወደቡ ላይ አላለቀሰችም።

«ወንድሜ፣ በሐምሌ አይሆንም ቢሉኝ ሌላ ትምህርት ቤት እጠይቅ ነበር» አለችኝ። «እንግሊዝኛ አይሆንም የሚል ቃል የለውም እንዴ?»

አለው፤ አጭር ቃል ነው፣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ግን ይህን ልነግራት አፍ አጣሁ፤ ሌሎቹን ሁሉ ያነበብሁላት እኔ ነኝና።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምለምነው ነገር የለም። ባለማወቄ ላደከምሁዎት፣ ደጅዎን በጫማዬ አቧራ ላቆሸሽሁት፣ ላልተደረገልኝም ጥበቃ በማመስገን ጊዜዎን ላጠፋሁት ሁሉ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ከዝቅተኛ ቦታዬ ሆኜ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

መዝገበ ቃላቱን ለሌላ ሰው የሸጠ ታዛዥዎ፣
ኡስማን እንድሪስ

በተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ልለጥፍ ስነሣ ከጽሕፈት ቤትዎ ለለጢፋ የተጻፈ አዲስ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማመልከቻዋ «ሳንክሽን» ተደርጓል ይላል። ኡስታዝ ፋህሚን ብጠይቃቸው፣ ቃሉ መፍቀድም ነው፣ መቅጣትም ነው አሉኝ። ከሁለቱ የትኛውን እንዳሰቡ ለመጻፍ አይድከሙ፤ ለእሷ ሁለቱም አንድ ናቸው።