ለዕርቅ ወይራ ይዤ ሄድኩ

ማክሰኞ
አርብ ምዝገባ ያልቃል። ዳይሬክተሩ ቁርጡን ነገረኝ፦ ቲቸር ወርቅነሽ "ትመለስ" ካላለች ዘጠነኛ ክፍል የለም። አምና የፈተና ወረቀቴን ፊቷ ላይ ቀድጄ ወጣሁ። ይኸው ቡና መጋዘን ቁጭ ብዬ ብላሹን ፍሬ እለቅማለሁ።
ይቅርታ ማለት ይተናነቀኛል። በእንግሊዝኛ ብለውስ? የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለች እንዴ!

ረቡዕ
ጓደኛዬ አስቴር የእንግሊዝኛ ደብተሯን አዋሰችኝ። ስለ ጠብ የሚባሉ አባባሎች፣ ሁለት ገጽ።
"አድ ፊዩል ቱ ዘ ፋየር"፦ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር። ጠብ ማባባስ። ይሄ እኔ ነኝ።
"በሪ ዘ ሃቸት"፦ መጥረቢያውን መቅበር። ቂም ትቶ መታረቅ። እማ ስትሰማ፣ "ደህና መጥረቢያ ይቀበራል? ሀብታሞች ናቸው" አለች።
"ኤክስቴንድ አን ኦሊቭ ብራንች"፦ የወይራ ቅርንጫፍ መዘርጋት። እንታረቅ ብሎ ቀድሞ መምጣት። አገኘሁት!

ሐሙስ
ጉድ ሆንኩ። ወይራ ቆርጬ ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ተጣብቀን ቅጠሉ ረገፈ፣ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ስደርስ የቀረኝ ዱላ ነው።
ዘበኛው ጋሽ ዱካሌ፣ "አንቺ ሚጥሚጣ! አስተማሪ ልትደበድቢ መጣሽ?" ብሎ ነጠቀኝ።
"ለዕርቅ ነው!"
"በወይራ?"
ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ቤንዚኑ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። የዛሬ ድሌ ይቺው ናት። ቲቸር ግን ከሩቅ ዱላውን አይታ ተመለሰች።
እማ ጭንቅላቷን ያዘች። "ወይራ መማቻ ነው። ለዕርቅ እርጥብ ሳር ነው የሚያዘው። ፈረንጅ ከመጠየቅሽ በፊት እኔን አትጠይቂም?"

አርብ
ከእማ ጋር እርጥብ ሳር ይዘን ሄድን። ጋሽ ዱካሌ ሳሩን ሲያይ በሩን ከፈተ። ቲቸር ፊት ያጠናሁት እንግሊዝኛ ብን ብሎ ጠፋ።
"ቲቸር፣ ያናደደኝ የራሴ ውጤት ነው። እርስዎ ምንም አላደረጉኝም። ይቅርታ።"
ሳሩን ተቀበለችኝ! "የትናንቱ ዱላስ?" አለች። ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለካ ያን አባባል ለነአስቴር ያስተማረችው እሷ ናት። "ስንት ዓመት ሳስተምረው አንድም ቀን የኛ ወይራ ዱላ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም" አለችና መመዝገቢያ ቅጼ ላይ ፈረመች። "ሰኞ ለክፍሉ አንቺ ታስረጂልኛለሽ።"
ስንወጣ ለእማ፣ "መጥረቢያውን ቀበርነው" አልኳት።
"የኔን እንዳይሆን ብቻ!"
ዩኒፎርሜን አጥቤ አሰጣሁ። እጅጌው አጥሮኛል። ሰኞ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ሐሙስ የዘጋሁትን አፌን ሰኞም ልዝጋው እንጂ።