ጎን ለጎን ያልተቀመጥንበት ሠርግ

ሰኞ

አንድም የለም። ሜሮን የሠርጉን ፎቶግራፎች በሙሉ አልጋዬ ላይ ዘርግታ ደጋግማ አየቻቸው። እኔና ባለቤቴ አቶ ወርቅነህ ጎን ለጎን የቆምንበት ወይም የተቀመጥንበት አንድ ፎቶግራፍ አልተገኘም።

የኤምባሲው የቪዛ ቃለ መጠይቅ ሐሙስ ጠዋት ነው። የጋብቻ የምስክር ወረቀት አለ። የፖሊስ ማስረጃ አለ። የልደት የምስክር ወረቀት ተተርጉሞ ማኅተም አርፎበታል። የጎደለው ባልና ሚስት አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ሠርግ ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ?» አለች ሜሮን። የእህቴ ልጅ ናት። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች፤ የቪዛውን ጉዳይ በኢንተርኔት የምትከታተልልኝ እሷ ናት።

አቀማመጡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ በነበረው የምሳ ግብዣ ሁሉንም በዕድሜ ቅደም ተከተል አስቀመጥኩ። መጀመሪያ የአቶ ወርቅነህ ታላቅ እህት ወይዘሮ አስካለ፣ ቀጥሎ ራሳቸው አቶ ወርቅነህ፣ ከዚያ ሁለቱ የአጎታቸው ልጆች፣ ከዚያ እኔ። በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ ነኝ ብዬ ታላላቆቼን ልቀድም ኖሯል?

ሜሮን የምትፈራው ለወረቀት ብቻ የተጋባን እንዳንመስል ነው። ካላመኑን ይከለክሉናል፤ ከከለከሉን እንደገና ከመጀመሪያው። አቶ ወርቅነህ ዴንቨር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እኔ እዚህ ቦሌ ሚካኤል ብቻዬን። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነ፤ አብረን የከረምነው ግን ለእረፍት ሲመጡ ብቻ ነው። ለወጣት «ጠብቁ» ቢባል ምንም አይደለም። እሳቸው ሰባ ሦስት ናቸው።

ማክሰኞ

የጤና ምርመራዬን ውጤት ተቀበልኩ። የታሸገ ፖስታ ነው፤ እንዳይከፈት ተጽፎበታል። አልከፈትኩም። ነርሷ «እማማ፣ ልብዎ የወጣት ልብ ነው» አለችኝ። እንዲህ ማለት ይፈቀድላት እንደሆነ አላውቅም። ደስ ግን ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ አሁን በአንድ ደቂቃ ላጠጋጋችሁ» አለች። ስልኩ አጠጋጋን። አቶ ወርቅነህ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገዋል፤ እኔ ኖሮኝ በማያውቅ ጥርስ እስቃለሁ፤ የእሳቸው አንድ ጆሮ የለም።

ዘይነባ ከጎን ቤት መጥታ ነበርና አየችው። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ በጉርብትና ስንኖር ልጆቿ አድገው ወጡ። ስልኩን አራቀች፣ አቀረበች። «ወላሂ ያምራሉ፤ ግን እነማን ናቸው?»

ሜሮንን አጥፊው አልኳት። ሐሰት ሐሰት ነው። በልጅነቴ በተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ዳይሬክተራችን አንዲት ፊደል ፍቀን ካስተካከልን ገጹን በሙሉ ታስጽፈን ነበር። ያን ጊዜ እጠላት ነበር።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ ዘይነባ፣ «የዚያን ቀን ባልሽ አጠገብ ብትቀመጪ ምን ይጎድልብሽ ነበር?»

ማታ አቶ ወርቅነህ ሲደውሉ ነገርኳቸው። «ነግሬዎት ነበር» አሉ። ይህችን ቃል ሁለት ዓመት ሲያስቀምጧት ኖረዋል። ቀጥለውም «ግድ የለም፣ እኔም ከዚህ ከማመልከቻው ጋር ያያያዝኩት ነገር አለ» አሉ። ምን እንደሆነ ስጠይቅ መስመሩ ተበላሸ። የእሳቸው መስመር ሲፈልጉ ነው የሚበላሸው።

ረቡዕ

ለልምምድ ሜሮን ጥቁር መነጽር አድርጋ ቆንስል ሆነች። እኔ ፊቷ ቆምኩ። ዘይነባ ሶፋው ላይ ሆና ታዳምጣለች።

«ባልዎ በየትኛው በኩል ነው የሚተኙት?»

«ይህን የሚጠይቅ መንግሥት አለ?»

«አለ እትዬ። ይመልሱ።»

በግድግዳው በኩል አልኩ። ዘይነባ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንደዚህ የምትስቅ ከሆነ ወደ ሱቋ እንድትሄድ ነገርኳት። አልሄደችም።

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እንዴታ።»

«ኧረ እትዬ! ኖ ነው የሚባለው። ፍቅር ነው፣ ሰላም ነው፣ ኤቭሪቲንግ ኢዝ ፋይን!»

ምዬ አልዋሽም አልኳት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ «እሺ አይዋሹ፤ ብቻ አያብዙት» አለች። በዚህ ተስማማሁ። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው፤ የተጠየቁትን መልሶ ማቆም።

ወደ ማታ ሃያ ሁለት ሄጄ የግብዣውን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳተምኩ። ሐሰተኛ ቅርበት ከማሳይ እውነተኛውን ርቀት ባሳይ ይሻላል። ሜሮን አልተደሰተችም።

ለነገ፦ ፓስፖርት፣ የታሸገው ፖስታ፣ ዋናዎቹ ወረቀቶች፣ ግራጫው ቀሚስ፣ ነጠላ፣ የማንበቢያ መነጽር። ስልክ አይገባም።

ሐሙስ

በሥርዓቱ ልጻፍ።

ቆንስሏ ወጣት ናት፤ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላዋለች። ከጎኗ አስተርጓሚ አለ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ነገር ግን ስጨነቅ ስለሚጠፋብኝ በአማርኛ መልስ ሰጠሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። የት ተዋወቃችሁ? በወጣትነታችን አንድ መሥሪያ ቤት። ማን ቀድሞ ጠየቀ? እሳቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ። አጭር አጭር መለስኩ። ሜሮን ብትሰማ ትኮራብኝ ነበር።

ከዚያ የሠርጉን ፎቶግራፍ አነሣች። ባልሽ የቱ ነው አለች። አሳየኋት። አንቺስ? አሳየኋት። ጣቷን ከእሳቸው ወደ እኔ ወሰደችው፤ ሁለቱን የአጎት ልጆች አልፋ። ለምን? በዕድሜ ነው አልኩ። እሳቸው ተስማሙ? አልተስማሙም አልኩና አቆምኩ። ቆንስሏ ግን ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችኝ። ምን ላድርግ፣ ቀጠልኩ። ወንበራቸውን ወደ እኔ እያመጡ፣ እኔ እየመለስኩ፣ በመጨረሻ ኬኩን አልበላም ብለው እንዳኮረፉ ተናገርኩ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

ቆንስሏ ፋይሉን ገልጣ ሌሎች ፎቶግራፎች በመስኮቱ በኩል አሳየችኝ። አቶ ወርቅነህ ያያያዟቸው ናቸው። አይቻቸው አላውቅም።

በአንዱ ከሐዋሳ ስንመለስ መኪና ውስጥ አንቀላፍቻለሁ። አፌ ተከፍቷል። መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ደርሷል። በአንዱ የቤት ሻሼን እንዳሰርኩ የሆቴሉን አስተናጋጅ እቆጣለሁ። በአንዱ ብርቱካን ልጬ ወደ ካሜራው እዘረጋለሁ፤ የእሳቸው እጅ ብቻ ይታያል።

የት እንዳለሁ ረሳሁ። «ማን ፈቀደላቸው?» አልኩ። «ይህን ለመንግሥት ይልካሉ? ከቤት ሻሽ ጋር? እኔ የምተኛው እንዲህ አይደለም፤ ያን ቀን መንገዱ ደክሞኝ ነው! ሥርዓት የሌላቸው ሰው ናቸው፤ ሻይ ሳይቀምሱ ስኳር ይጨምራሉ፣ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ይጥላሉ፣ አሁን ደግሞ ይህ!» አስተርጓሚው ሁሉንም መተርጎሙን እንጃ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቆንስሏ ጨረስሽ ወይ ብላ አስጠየቀችኝ። ጨርሻለሁ አልኩ። ሁሉም ነገር እንዳበቃለት ገባኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በእንግሊዝኛ፣ በቀጥታ ለእኔ፣ ቪዛው ተፈቅዷል አለችኝ። ፓስፖርቱ እዚያው ቀረ፤ ሲዘጋጅ ይደውላሉ።

ውጭ ሜሮን ጠበቀችኝ። ፊቴን አይታ የተከለከልን መስሏት ማልቀስ ጀመረች። «ተፈቅዷል» አልኳት። «ታዲያ ምን ሆነው ነው እንዲህ የተቆጡት?» አለች።

አርብ

አቶ ወርቅነህን ለማኩረፍ ወስኜ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ቻልኩ።

«ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም?» ብለው ጮኹ ስልኩን ሳነሣ፤ እዚያ ገና አልነጋም። ፈቅደዋል አልኩ። ምንም ድምፅ የለም። መስመሩ በእውነት የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እያለቀሱ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶግራፎቹ መቆጣት አስቸገረኝ፤ ቢሆንም ተቆጣሁ። «ሌላ አለ?» አልኩ። «አለ» አሉ። «ብዙ?» «እንግዲህ… አልቆጠርኳቸውም።» በሙሉ እንዲልኩልኝ አዘዝኳቸው።

ላኩ። ሜሮንና ዘይነባ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አዩ። ደረጃ ስወርድ፣ ጋዜጣ ሳነብ፣ ሎሚ ስመርጥ። ሳልዘጋጅ ምን እንደምመስል አላውቅም ነበር። ዘይነባ «ይሄ ሰውዬ ሌላ ሥራ አልነበረውም?» አለች። ከዚያ ተነሥታ እኔ አስቀምጬው የረሳሁትን ሳህን ማጠብ ጀመረች። መሄዴ የተሰማት ገና አሁን መሰለኝ። እኔንም እንዲሁ።

ቅዳሜ

ከኤምባሲው አልደወሉም። ቅዳሜ እንደማይደውሉ አውቃለሁ፤ ስልኩን ግን ወደ ጓሮ ስወጣም ይዤው ወጣሁ።

እኔ ስሄድ ቤቱ ውስጥ ሜሮን ትገባለች። ወፍራም ካፖርት ማሰፋት አለብኝ። ዘይነባ ጨርቁን ራሴ እመርጣለሁ ብላለች፤ ደማቅ ቀለም እንዳታመጣ አስጠንቅቄያታለሁ።

ከሰዓት አቶ ወርቅነህ ደወሉ። አየር ማረፊያ መጥተው እንደሚቀበሉኝ፣ መንገደኞች በሚወጡበት በር ላይ እንደሚቆሙ ነገሩኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ይኖራል። ሰው ፊት… ባቅፍዎት ይቆጣሉ?»

አስብበታለሁ አልኳቸው።

አሰብኩበት። አልቆጣም። ግን እዚያ እስክደርስ ድረስ አልነግራቸውም።