ሽማግሌ ልኬ ስላስፈረምኳት ሯጭ

ለተከበሩ አቶ ፊሊጶስ፣
በሌክ ሲቲ የስፖርት ወኪሎች ማሰልጠኛ ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ማሰልጠኛዎስ? በስድስት ቅዳሜ የስፖርት ወኪል ያደረጉኝ፣ ኬንት ከተማ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የምነዳው ብዙነህ ነኝ። የሰጡኝን ሰርተፊኬት ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬው ነበር፤ አሁን እንግዳ እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ወላጅን ያልያዘ ወኪል ባዶ እጁን ይቀራል ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ምክርዎን ሰምቼ፣ የ800 ሜትር ሯጯን ሃሴትን ለመወከል፣ ለጋብቻ እንደሚጠየቀው ሦስት ሽማግሌ ወደ እናቷ ወደ ወይዘሮ ደስታነሽ ልኬ፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ከኋላቸው ገባሁ። ልጅቷ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ካገኘች ወር አልሞላትም ነበር። መጀመሪያ አሰልጣኜን ልጠይቅ ብትል፣ ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም ብዬ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። ወይ ጉዴ! ሽማግሌዎቹን አክብራ ፈረመች።

፪. ደንበኛችሁን ለዓለም አስተዋውቁ ስላሉኝም እግዜር ይስጥልኝ። የፊርማውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ ኮሌጁም አየው። ከወኪል ጋር የተዋዋለ ተማሪ ለእኛ አይሮጥም ተብሎ ስኮላርሺፗ ታግዷል።

፫. ይህን ለምን አልነገሩኝም ብዬ ስደውል፣ እሱ በሁለተኛው ዙር ኮርስ የሚሰጥ ነው ብለው በትሕትና ስላስረዱኝ ከልብ አደንቅዎታለሁ። ደንቡ ግን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀምጦ ነበር፤ ቢዝነስ ካርድ ለማሳተም ስሯሯጥ አላነበብኩትም። ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ ብከምር ደስ ባለኝ፤ አልሆነልኝም።

ባለፈው እሑድ ሃሴት ኖርዝጌት ባቡር ጣቢያ ከሩቅ አይታኝ መጥታ፣ ጋሼ ብዙነህ ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ብዬ ላያት አፍሬ ጫማዬን ሳይ ባቡሬ አመለጠኝ።

የስድስት ቅዳሜ ዕውቀትዎን ተሸክሞ የሰው ልጅ ዕድል ያበላሸ፣
ውለታዎን ዕድሜ ልኩን የማይረሳ፣ አንገቱን የደፋ ተማሪዎ፣
ብዙነህ፣ ከኬንት

ማሳሰቢያ፦ እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች የፊታችን ቅዳሜ እርስዎ ዘንድ ይመጣሉ። ለወኪልነት የሚያበቃ አንዳች ነገር እንዳላስተማሩኝ በፊርማዎ እንዲያረጋግጡላቸው ይጠይቁዎታል፤ ይህ ወረቀት ከደረሰው ኮሌጁ ውሉን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። ታዲያ መጀመሪያ ጠበቃዬን ልጠይቅ እንዳይሉ፤ ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም።