የዲዮንን ታሪክ ያስተማሩኝ ሰው

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2፣ ማታ

ውሃ ቀድቼ፣ ጥጆቹን አስሬ፣ መቀመጤ ገና ነው። ትከሻዬ ያማል። ደብተሬ፣ ዛሬም ከት/ቤት መልስ ወንዝ ዳር ተለማመድኩ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ያበድኩ መስሏቸው ተጠቃቀሱ።

ሐሙስ የወላጆች ቀን ነው። ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት የሚያቅተኝ እኔ፣ የመንደራችን የሰባታ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ የዲዮንን ታሪክ በቃሌ ልናገር ነው። የመረጡኝ መ/ር ስዩም ናቸው። ታሪኩንም ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ከክፍል በኋላ አስቀርተው። ዲዮን የጥንት ግሪክ ነው። አንደበቱ ወርቅ ይባል ነበር። የሮማው ንጉሥ ግን ከአገሩ አባረረው። ቡትቶ ለብሶ ዞረ። ለዕለት ምግቡ የሰው አትክልት ኮተኮተ፣ ውሃ ቀዳ። ውሃ! እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ለአባባ ነገርኳቸው። ውሃ የሚቀዳ ወንድ የት አገር ነው ያለው፣ ለእናትሽ አንድ ባመጣንላት ብለው ሳቁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ዝናብ። የቄሱ ልጅ፣ አንደበቱ ወርቅ የተባለው የቤተ ክርስቲያኑ አፈወርቅ ነው፣ እሱም ጻድቅ እንጂ ግሪክ አይደለም ብሎ ተከራከረኝ። ክፍሉ ሳቀ።

መ/ር ስዩም ግን እንደሌሎቹ አይስቁም። ዲዮን ስቶይክ ከሚባሉት ፈላስፎች ወገን ነው አሉኝ። ቤትህንና አገርህን ይወስዱብህ ይሆናል፤ ቀና ልብህን ግን አንተው ካልሰጠሃቸው አይወስዱትም ይላሉ እነዚያ። ከአውራጃ ባለሥልጣን ይመጣሉ ስለተባለ ንጉሡ ያባረረበትን ልዝለለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ አሉኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ተናገርኩ። ድምፄ ወጣ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እናቶች ዝም ብለው ሰሙኝ። ንጉሡ እውነት የሚናገር ሰው አይወድም ነበር የሚለው ጋ ስደርስ ባለሥልጣኑ እጃቸውን አነሡ። አስቆሙኝ።

«ይህን ማነው ያስተማረሽ?»

መ/ር ስዩምን አየሁ። እሳቸው ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ተነሡ።

«እኔ አላስተማርኳትም፣ ክቡርነትዎ። ቤቷ የሰማችው ይሆናል።»

ቤቷ። አባባ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ከኋላ ሆነው የተባለውን አልሰሙም፤ እኔን ያደነቁ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ዲሬክተሩ ጠሩኝ። ሰኞ ባንዲራ ሲሰቀል ሰልፉ ፊት ቆመሽ ከማን እንደሰማሽ ትናገሪያለሽ አሉ። ከቤት ከሆነ አባትሽ ፖሊስ ጣቢያ ይጠየቃሉ። ከራስሽ ከፈጠርሽው ትባረሪያለሽ። ፈተናው ደርሷል። ሦስተኛ መልስ አለ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

ተማሪዎቹ «ዲዮን፣ ውሃ ቅጂልን» ይሉኛል።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ስዩምን አንቱ አልለውም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

መጣ። ጭቃውን አቋርጦ፣ ስኳር ይዞ። አባባ የሚቀመጡበትን ዱካ ለቀቁለት፤ እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። እርጎ አቀረብንለት። ሲወጣ እንድሸኘው ጠየቀ። ሚስቴ የመውለጃ ወሯ ገብቷል፣ ስሜን ካነሳሽ ወደ በረሃ ያዛውሩኛል አለ። ከራሴ የፈጠርኩት ነው በይ፤ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሱልሻል። ዲዮንስ ቢሆን ብዬ ጀመርኩ። ዲዮን ሚስት ነበረችው ወይ አለኝ። አላውቅም። አላስተማረኝም።

አሳዘነኝ። ያሳዘነኝ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጮኸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ቀስ ብለው «ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ ጣቢያ ብሄድ ምን እሆናለሁ? አንቺ ትምህርትሽን ያዢ። ከቤት ነው በይ» አሉ። ታሪኩን በደንብ እንኳ አያውቁትም። ሊታሰሩበት ግን ፈቀዱ። እናቴ ስኳሩን አልነካችውም። መደቡ ላይ እንዳለ ነው።

ንጉሡ ሲሞት ወታደሮቹ ሊያምፁ ተነሡ። ያን ጊዜ ዲዮን ቡትቶውን ጥሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ዘለለና ማን እንደሆነ ተናገረ። ሐሙስ ያላስጨረሱኝ ይህን ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 8፣ ጠዋት

ጎህ ሲቀድ ወንዝ ወረድኩ። እንስራውን አስቀምጬ ጮክ ብዬ ሞከርኩት፦ «ያስተማረኝ መምህር ስዩም ነው።» አጣቢዎቹ አልመጡም ነበር። ደግሜ አልኩት። ሚስቱን አሰብኩ፣ በረሃውን አሰብኩ፣ አለቀስኩ። ከዚያ የአባባ ነጭ ጋቢ ፊቴ መጣ። እንደገና አልኩት። አልተንቀጠቀጠም።

ስኳሩን መልሼ እወስድለታለሁ። ስናገር ግን አላየውም፤ ካየሁት…

አባባ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ከቤት ነው የምል መስሏቸዋል።