የአራተኛው መጽሐፍህ መጨረሻ

ለውድ ወንድሜ ለሣህሌ፣

የአዋሽ ሙቀት እንኳ ያላጠወለገው ሰላምታዬ አዲስ አበባ ድረስ ይድረስህ። እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ።

አራተኛው ልብ ወለድህ በባቡር ደረሰን። ጣቢያው ቲኬት ስቆርጥ ውዬ ስመለስ አልጋ ላይ ለዋለው ለአባባ አነብለታለሁ። አሁንም የሚናገር አዞ! አሁንም ጥላው የጠፋበት ንጉሥ! ከቤት የጠፋው ልጅም እንደ ሌሎቹ መጻሕፍትህ በመጨረሻው ገጽ ይመለሳል። «ሌላ ነገር አያውቅም እንዴ?» ብል፣ አባባ «ተይው፣ ብቻ ልጁ ይምጣ» አለኝ።

ድሮ መጨረሻውን አስቀድሜ ስገልጥ ይቆጣኝ አልነበር? ትናንት ግን «መሃሉን ዝለይው፤ መጨረሻውን አንብቢልኝ» አለ። ጀመርኩለት። ልጁ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት አባባን እንቅልፍ ወሰደው። ዛሬ እንደገና እሞክራለሁ።

በል፣ ጤናና ሰላም ከደጅህ አይራቁ።

እህትህ አትክልት